የጃፓኑ ጨዋታና የጓሮ በር ቁልፍ

ባለፈው ሳምንት ሳሙና ልገዛ ወደ ዋናው መንገድ ወጣሁ። ባለሱቁ ግድግዳው ላይ የመስኮት ስፋት ያለው ቴሌቪዥን ሰቅሏል። ደጃፉ ላይ ሰባት ስምንት ወጣቶች ቆመው ኳስ ያያሉ። በየአህጉሩ ሻምፒዮን የሆኑ ክለቦች ተጠራርተው የሚጋጠሙበት የዓለም ውድድር ነው። አንዱ ዘንድሮ የተጀመረ ነው ይላል፤ ሌላው ድሮም ነበር፣ ያኔ ግን ክለቦቹ ጥቂት ነበሩ ይላል። ክርክሩ አልቋጭ ሲላቸው አንደኛው ወደ እኔ ዞሮ፣ «እማማ፣ ድሮ ዲሽ ቤት ነበረዎት ሲል አባቴን ሰምቼዋለሁ። ይሄ ውድድር ያኔ ነበረ እንዴ?» አለኝ። «እኔ ኳስ አላውቅም ልጄ» ብዬው ሳሙናዬን ይዤ ተመለስኩ።

ዋሸሁት። ውድድሩ ነበረ። ጃፓን ነበር የሚደረገው፤ እዚህ ሶዶ ላይ ገና ምሳ ሳይቀርብ እዚያ ሜዳው መብራት በርቶለት ሰው ካፖርት ለብሶ ይጮህ ነበር። ይህን ያህል የማውቀው ስለምወደው አይደለም። በዚያ ውድድር ሰበብ ከእናቴ ጋር የቀረኝን አንድ ነገር ስላጣሁ ነው። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ አሁንም የምጽፈው ልቤ ስለቀለለ አይደለም። ያሳጣኝ ሰው ሞቷል። ሙት አይወቀስም ይሉኛል። በሕይወት ሳለ ልወቅሰው ስል ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አይወቀስም ይሉኝ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው መቼ እንደሚወቀስ የሚነግረኝ ስላላገኘሁ ጊዜውን ራሴ መረጥኩ።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ነው እየተባለ ሰዉ ሁሉ ስለ ሚሊኒየም የሚያወራበት ሰሞን ነበር። ስብሰባ ይበዛ ነበር፤ ስለ ስብሰባው አልጽፍም፣ የተሰበሰቡት ይጻፉት። እኔ የማስታውሰው ለስላሳ ሁለት ብር ከሃምሳ፣ ሻይ ሃምሳ ሳንቲም መሆኑን ነው። የእናቴ አገር ጉኑኖ ድረስ በአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጦ መሄድ ሦስት ብር ነበር፤ ጋቢና ከተቀመጡ አምስት። ሞባይል ያለው ሰው በቆዳ ቦርሳ ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ፣ ጃኬቱን ወደ ኋላ ገፋ እያደረገ ይሄድ ነበር። ወጣቶቹ ከሳልባጅ ተራ የገዙትን የክለብ ማሊያ ይለብሳሉ፣ ጀርባው ላይ ያለው ስም በሌላ አገር ፀሐይ ደብዝዞ የመጣ። ከመናኸሪያው ወደ እኛ ሰፈር የሚወጣው መንገድ ገና ድንጋይ አልተነጠፈበትም፤ ክረምት ላይ ቀዩ ጭቃ ኮንጎ ጫማን ከእግር ነጥቆ ያስቀራል። ጠዋት ጠዋት የዳሞታ ጉም እስከ ሱቆቹ ቆርቆሮ ድረስ ይወርድና እስከ ሦስት ሰዓት አይነሳም። ዛሬ መንገዱ ተነጥፏል፣ ፎቅ በፎቅ ሆኗል፣ ጉሙም የሚወርድበት ቦታ ያጣ ይመስል ቀርቷል። ሰው ግን ሲሰላለም ያው ነው፤ የሚፈልገውን ሳይነግርህ ስለ ጤናህ አሥር ጊዜ ይጠይቅሃል።

ባሌ ወደ ቤሌ ከተማ የሚመላለስ ሹፌር ነበር። መንገዱ በአደጋ ከወሰደብኝ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። የተወልኝ ከመንገድ ዳር ያለች ሰፊ ክፍል፣ ከኋላዋ ሁለት ጠባብ ክፍሎች፣ እንሰት ያለበት ጓሮና አንድ ቴሌቪዥን ነው። ቁም ሳጥኑንና የሠርጌን ወርቅ ሸጬ ዲሽ ገዛሁ፣ አግዳሚዎች አስጠረብኩ፣ ደጄ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅዬ የጨዋታውን ሰዓት በጠመኔ መጻፍ ጀመርኩ። ተቀምጦ ለሚያይ አንድ ብር፣ ለቆመ ሃምሳ ሳንቲም። የሌሎቹ ዲሽ ቤቶች ጫት ይቃምባቸዋል፣ ይሰደብባቸዋል። እኔ ዘንድ ጫት የለም፣ ሲጋራ የለም፣ ስድብ የተናገረ ይወጣል። ኳሱ እስኪጀመር የመዝሙር ካሴት እከፍት ነበር። ይስቁብኝ ነበር። «እትዬ አስቴር፣ ዳኛው ሲያፏጭም እንጸልይ?» ይለኝ ነበር አንድ ጋሪ ነጂ። ግን ይመጡ ነበር፤ ሚስቶቻቸውም የት ናችሁ ሲሏቸው የእኔን ቤት ስም መጥራት አያፍሩም ነበር።

እኔ ደግሞ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ። ከልጅነቴ መዘምራን ውስጥ ነበርኩ፤ ሰማያዊውን ልብስ ከነነጭ ኮሌታው የሰፋሁት ራሴ ነኝ፣ የሃያ ሰው። ዲሹን ስከፍት ሽማግሌዎቹ ጠሩኝ። እሁድ አምልኮ ሳያልቅ በሩ እንዳይከፈት ቃል ግቢ አሉኝ፤ ገባሁ። እሁድ ጠዋት የፊቱን በር ከውስጥ በብረት መወርወሪያ እዘጋለሁ፣ በጓሮ በር ወጥቼ ሲጫኑት ያለ ቁልፍ በሚዘጋ ጓጉንቸር እቆልፋለሁ፣ ቁልፉን በክር አንገቴ ላይ አስሬ እዘምራለሁ። ቁልፉ አንድ ብቻ ነበር። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ በኋላ የጎዳኝም ይሄው ነው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ላሊሶ ነበር። መምህር ነው፣ የእጅ ጽሕፈቱ የሚያምር፣ የጉባኤው ጸሐፊ። ሚስቱ ወርቅነሽ ጎረቤቴ ብቻ ሳትሆን የልብ ወዳጄ ነበረች፤ በርበሬ አብረን የምንቀጠቅጥ፣ ስትወልድ ያረስኳት። ላሊሶ ከመድረክ ላይ፣ «ኳስ ማለት ነፋስ የተሞላ ቆዳ ነው፤ ነፋስን የሚከተል ምን ያገኛል?» እያለ ይሰብክ ነበር። ሰዉ ወደ እኔ ዞሮ ያየኛል። እኔ መዝሙር መጽሐፌን እገልጣለሁ።

በዚያ ሰሞን የክለቦቹ ውድድር ጃፓን ተጀመረ። መብራት በፈረቃ ነበርና ሳምንቱን ሙሉ ቀን ቀን የእኛ ተራ አልነበረም፤ አንዱንም ጨዋታ አላየንም። በሬዲዮ የተሰማው ከአፍሪካ የሄደው ክለብ ለዋንጫ ሳያልፍ ቀርቶ እሁድ ለሦስተኛ ደረጃ እንደሚጫወት ነው። ሰፈሩ በዚህ ሞቀ። የአፍሪካ ክለብ ከዓለም ሦስተኛ ሊሆን ነው ሲባል የማያውቁትን ከተማ ክለብ እንደ አክስታቸው ልጅ መጥራት ጀመሩ። የአዲስ አበባ አውቶቡስ ሹፌር የሆነ የባሌ ጓደኛ ከጋዜጣ ላይ ሰዓቱን ገልብጦ አመጣልኝ። ለሦስተኛ ደረጃ 10፡30፣ ለዋንጫ 1፡30 ይላል። እንዳለ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። አሥር ተኩል ከቀኑ፣ አንድ ተኩል ከምሽቱ፤ እሁድ መብራቱም የእኛ ነው። ከአምልኮ በኋላ ስለሆነ ቃሌም ሊፈርስ አይችልም። ደስ አለኝ። ስህተት መሆኑን ያየ ከከተማው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጓሮ ተቀምጬ የመዝሙር ልብሴን በከሰል ካውያ እተኩሳለሁ። ላሊሶ በእንሰቱ በኩል መጣ። በመንገዱ በኩል አለመምጣቱን ያኔ አላሰብኩበትም።

«እህት አስቴር፣ ሰላም ነው? እናትሽ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው ጋሼ። ይግቡ።»

«አልገባም፣ እዚሁ ይሻላል። ሰሌዳሽ ላይ የጻፍሽው ሰዓት ልክ አይደለም።»

«ጋዜጣ ላይ ነው የተገኘው።»

«ጋዜጣው በፈረንጅ ሰዓት ነው የጻፈው። የእነሱ አሥር ተኩል የእኛ አራት ተኩል ነው። ጨዋታው ነገ ጠዋት ነው፣ እኛ አምልኮ ላይ ሳለን።»

ካውያውን አስቀምጬ ተነሳሁ። «ላጥፋውና እንደማይታይ ልጻፍበት እንግዲህ።»

«ተይው፣ ተይው» አለ። «አራት ተኩል መሆኑን ካወቁ ነገ ለማን ልንሰብክ ነው? ለአግዳሚው? ሳያውቁ ይለፍ።»

ልክ ነው አልኩ። መሄዱ ነው ብዬ ካውያዬን ሳነሳ ግን አልሄደም። የእንሰቱን ቅጠል ጫፍ ይዞ በጥፍሩ ይሰነጥቃል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወጣት ሳለ ለትምህርት ቤቱ የኳስ ቡድን በክንፍ ይጫወት እንደነበር ነገረኝ። ጌታን ሲያገኝ እንደተወ፣ ወርቅነሽ እንኳ እንደማታውቅ፣ ትንሽ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ ብርድ ልብስ ውስጥ ጨዋታ እንደሚሰማ። «ሃምሳ ዓመቴ ነው። ከአፍሪካ የሄደ ክለብ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ቆሞ በዓይኔ አላየሁም። አንድ ጊዜ ብቻ። ድምፁን ዘግቼ፣ ብቻዬን። ስብከቱ ሳያልቅ እመለሳለሁ። ቁልፉን ነገ ማታ ወርቅነሽ ጋ ስትመጪ እሰጥሻለሁ።»

ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ ለምን ሰጠሁት ብዬ። ሽማግሌ ስለሆነ መፍራቴ አንድ ነው። ግን እውነቱን ልጻፍ ካልኩ፣ ያኔ ፊቱ የሰባኪ ፊት አልነበረም፤ በረሃብ ጊዜ ዳቦ ቤት በር ላይ የሚቆም ሰው ፊት ነበር። አዘንኩለት። ኳስን ነፋስ የተሞላ ቆዳ ብሎ ለሰበከ ሰው አዘንኩለት። ክሩን ከአንገቴ አውልቄ ሰጠሁት።

እሁድ ጠዋት ጭጋግ ነበር። መዘምራኑ ከፊት ቆመን ስንዘምር እኔ ጉባኤውን ሁሉ አያለሁ። ላሊሶ የቢሮ ሥራ አለብኝ ብሎ ቀድሞ ወጥቷል። አራት ተኩል አልፎ ትንሽ እንደቆየ ከኋላ ወንበር አንድ ወንድ ወጣ። ሽንት ቤት ነው ብዬ አለፍኩ። ከዚያ ሁለት ወጡ። አንዱ ከውጭ ተመልሶ ለጎረቤቱ በጆሮው ነገረውና ሁለቱም ወጡ። በመዝሙርና በመዝሙር መካከል ከእኛው ረድፍ ወንዶቹ ተራ በተራ በጎን በር ሾለኩ። በወላይትኛ የምንዘምረው አንድ መዝሙር አለ፤ አዝማቹን ወንዶቹ በወፍራም ድምፅ ይቀበሉናል። እኛ ሴቶቹ ከፍ አድርገን ለቀቅንላቸው፣ የሚቀበል ጠፋ። የቀረ አንድ ሽማግሌ ብቻ በቀጭን ድምፁ ሞከረ። ልጆች ሳቁ። መጋቢው ከወንበሩ ተነሳና ዲያቆኑን ጠርቶ ላከው።

የሆነውን በኋላ የነገረኝ ከድር ነው። ከድር ከስልጤ የመጣ ባለሱቅ ነው፤ የሱቁ ጓሮና የእኔ ጓሮ በአንድ አጥር ይዋሰናሉ። ላሊሶ በጓሮ በር ገብቶ፣ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ፣ እንዳለውም ድምፁን ዘግቶ ተቀመጠ። የአፍሪካው ክለብ ጎል ሲያገባ ግን የቴሌቪዥኑን ድምፅ የዘጋ ሰው የራሱን አፍ መዝጋት አቃተው። «ጎል ብሎ የጮኸው ጩኸት» አለኝ ከድር፣ «እኔ ዕቃ ስቆጥር ከእጄ ሚዛን ጣለ።» በመንገድ የሚያልፉ ሰሙ። የፊቱን በር ደበደቡ። ላሊሶ በጓሮ በር ወጥቶ በእንሰቱ መሃል ሮጠ፣ በሩን ሳይቆልፍ፣ ቴሌቪዥኑን ሳያጠፋ። ወጣቶቹ ዞረው ሲመጡ በሩ ክፍት፣ ጨዋታው በርቶ፣ ሰው የለም። «እትዬ አስቴር ከፍታልን ሄደች» ተባባሉና አመስግነው ተቀመጡ። ድምፁንም ከፈቱት። ዲያቆኑ ሲደርስ ቤቱ ጢም ብሎ ነበር፤ ከመካከላቸው አሥራ አንዱ የጉባኤው አባላት፣ አራቱ የመዘምራን ልብስ የለበሱ።

ቁልፉን ላሊሶ እንዳለው እሁድ ማታ መለሰልኝ። ማክሰኞ ተጠራሁ። አምስት ሽማግሌዎች በአንድ አግዳሚ ተቀምጠዋል፤ ላሊሶ ጫፍ ላይ፣ ጉልበቱ ላይ ደብተር። ንግግሩ በወላይትኛ ነው፣ ቃለ ጉባኤው በአማርኛ ይጻፋል፤ ያኔ እንዲያ ነበር። ትልቁ ሽማግሌ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ በሩ ተሰብሯል?»

«አልተሰበረም አባባ።»

«ቁልፉ ስንት ነው?»

«አንድ ነው።»

«ማን ዘንድ ነው የሚኖረው?»

«እኔ ዘንድ።»

«እንግዲያ ማን ከፈተው?»

ወደ ላሊሶ አየሁ። ይናገራል ብዬ ነበር፤ እምላለሁ፣ ይናገራል ብዬ ነበር። እሱ እስክሪብቶውን ደብተሩ ላይ አድርጎ መልሴን ይጠብቃል። ያኔ ነው የገባኝ። አፌን ከፍቼ ቁልፌን ለእሱ ሰጠሁት ብል የሚሰሙት ስለ ኳስ አይደለም። ባል የሞተባት ሴት የጓሮ በሯን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ ለባለትዳር ሰጠች ነው የሚሰሙት፤ ያውም ቅዳሜ፣ ያውም በእንሰቱ በኩል። ለኳስ ነው ብል ማን ያምነኛል? ከመድረክ ኳስን የሚረግም ሰው። ዝም አልኩ። ትልቁ ሽማግሌ ደግመው ጠየቁኝ፤ ዝም አልኩ። ላሊሶ ጎንበስ ብሎ ጻፈ። ከተቀመጥኩበት ይነበባል፤ ጽሕፈቱ ያምራል ብያለሁ። «መልስ አልሰጠችም» ይላል።

በሚቀጥለው እሁድ በጉባኤ ፊት ተነበበ። እህት አስቴር ንስሐ እስክትገባ ከጌታ እራት ታግዳለች፣ ከመዘምራን ተሰናብታለች፣ የከፈተችውን ቤት ትዘጋለች። ያነበበው ጸሐፊው ነው። አሥራ አንዱ ወንዶች ተመክረው አለፉ። ሰማያዊ ልብሴን አጥፌ መለስኩ፤ ለሌላ ሰው ተሰጠ፣ ወገቡን አስጠብባው ለብሳው ትዘምር ነበር። ዲሹን ለከድር ለቀቅኩለት።

«አስቴር፣ እኔ አይቻለሁ» አለኝ ያኔ። «ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ሲሮጥ አይቻለሁ። ሄጄ ልመስክርልሽ?»

«አንተ ያየኸው ሲወጣ ነው። በምን ገባ ሲሉኝ ምን ልበል?»

አሰበና ራሱን ነቀነቀ። «አይ የሴት ነገር» አለ፣ «በሁለቱም በኩል ገደል።»

ወርቅነሽን በተመለከተ፣ እሷ በሕይወት ስላለች ቃላቴን እመርጣለሁ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሰላምታዋን ቆረጠች። ወፍጮ ቤት ተራ ስንጠብቅ ለሌሎቹ፣ «ባል የሌላት ሴት ቤቷን ወንድ ካልሞላላት አይቆምም» ስትል ሰማሁ፤ እንድሰማ ነው የተናገረችው። ባሏ ያደረገውን ሳታውቅ ነው እንዳልል፣ በዚያ እሁድ ማግስት ሰኞ የላሊሶ የሰንበት ሱሪ ከአጥራቸው ላይ ተሰጥቶ አይቻለሁ፣ ከጉልበቱ በታች ቀዩ ጭቃ ታጥቦ ያልለቀቀ። የሰንበት ሱሪ በአንድ አምልኮ ጭቃ አይነካውም። ያጠበችው እሷ ናት። አሁንም ገበያ ላይ ስታገኘኝ ዓይኗን ቲማቲም ላይ ታደርጋለች። ቲማቲም እንዲህ የሚመረመር ነገር አይደለም።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ችዬም ነበር። እናቴ ባትመጣ።

እናቴን በቋንቋችን አዬ ነበር የምላት። ከጉኑኖ ናት፤ ማመን በሚያስገርፍበት ዘመን ያመነች፣ በሌሊት ጫካ ገብተው ከጸለዩት አንዷ። የካቲት ላይ እግሯ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ በአይሱዙ ጋቢና አሳፍረው አመጡልኝ። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል፣ ብዙ አትጠብቁ አለኝ። ቤቴ አስተኛኋት። ቦዬ የሚባለውን ሥር ቀቅዬ በዳጣ በርበሬ አቀርብላታለሁ፣ ሁለት ጉርሻ ትወስድና ትተወዋለች። አንድ ቀን አንሺኝ አለችኝ፤ ደግፌ አስቀመጥኳት።

«የጌታ እራት መቼ ነው እዚህ?»

«በየሦስት ወሩ ነው አዬ። የሚቀጥለው መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው።»

«እደርሳለሁ» አለች። «አባትሽ ሲሞት ከጎኑ አልነበርኩም። ልጆቼ ሁሉ ተበትነዋል። ከአንቺ ጋር በአንድ አግዳሚ ተቀምጬ ጽዋውን ከወሰድኩ ሌላ የምፈልገው የለም። ታግዳለች አሉኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«በሩን የከፈትሽው አንቺ ነሽ?»

ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ እግሯ ላይ ነበረች፤ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል። እውነቱን ልነግራት ጀምሬ ነበር። ከዚያ አሰብኩት፤ እውነቱን ካወቀች ተነስታ ላሊሶ በር ሄዳ ትቆማለች፣ ያን ዓይነት ሴት ናት፤ ልቧ ደግሞ ያንን አይሸከምም። ያውም ብትነግራቸው ልጅሽን ጠብቂ ይሏታል።

«እኔ ነኝ አዬ» አልኳት።

«እንግዲያው ተናዘዢ» አለች። «የሠራሽውን ሥራ መናገር ምን ያቅታል?»

ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄጄ ንስሐ እገባለሁ አልኩ። የሚነበበውን ጸሐፊው ያዘጋጅልሻል ተባልኩ። ላሊሶ ወረቀቱን በሬ ድረስ አመጣልኝ፣ በዚህ ጊዜ በመንገዱ በኩል።

«አጭር አደረግኩልሽ፣ እንዳትቸገሪ» አለኝ።

አነበብኩት። «አንድ ነገር ጎድሎታል» አልኩት።

«ምን?»

«እርስዎ።»

ግራ ቀኙን አየ። «እህት አስቴር፣ እኔ ብናገር ሽማግሌነቴን ነው የማጣው። አንቺ ግን ስምሽን ታጪያለሽ። ሹመት ይመለሳል፣ የሴት ስም አይመለስም። ዝም ያልኩት ለአንቺ ብዬ ነው።»

ይህን ሲናገር ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። የሚያናድደኝ እሱ ነው፤ የምር አምኖታል። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

የካቲት ሳያልቅ አንድ እሁድ እናቴን ደግፌ ፊት አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳት፣ ነጭ ነጠላዋን አስተካከልኩላት፣ ድምፅ ማጉያው ፊት ቆሜ አነበብኩ። «እኔ እህት አስቴር በሰንበት ቀን ቤቴን ለዓለማዊ ጨዋታ ከፍቼ፣ የእግዚአብሔርን ሕዝብ ከአምልኮ ስላወጣሁ በደለኛ ነኝ።» ሌላም ነበረው። በላሊሶ እጅ የተጻፈ፣ በእኔ ድምፅ የተነበበ። እናቴ ከፊት ሆና ራሷን ትነቀንቃለች። ስጨርስ ሰዉ አጨበጨበ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፤ የጠፋችው በግ ተገኘች ማለት ነው። እናቴ ስቀመጥ እጄን ያዘችኝ። «አየሽ» አለችኝ፣ «ቀሊል ነው።»

መጋቢት በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ ረፋድ ላይ፣ ውኃ ላመጣላት ጓዳ ገብቼ ስመለስ አርፋለች። የጌታ እራት ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። ጉኑኖ ወስደን ቀበርናት። ላሊሶ በቀብሩ ላይ ጸለየ፤ ጸሎቱ ረዥም ነበር። እኔ አፈሩን አያለሁ። ሰው ሁሉ እናትሽ ሳትሞት ንስሐሽን አይታ ሄደች፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይለኛል። በእኔ ላይ የደረሰው ሁሉ አንድ ቀን ይረሳ ይሆናል። ይሄኛው ግን አይረሳኝም፤ እናቴ ልጇ አምላኳን ለአንድ ብር እንደሸጠች አምና ሞተች፣ እንዲያ ያለቻትም ልጇ ራሷ ናት።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ጥቁሬን ለብሼ ሄድኩ። ፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ፣ ከጎኔ የአንድ ሰው ቦታ ትቼ። አንዲት ሴት ልትቀመጥ መጣች፣ የተያዘ ነው አልኳት። በእኛ ጉባኤ ኅብስቱንና ጽዋውን የሚያድሉት ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ ትናንሾቹ ጽዋዎች በሳህን ላይ ተደርድረው ከእጅ ወደ እጅ ሳይሆን በሽማግሌው እጅ ይዞራሉ። በእኛ ረድፍ የመጣው ላሊሶ ነበር። ጭቃ የነካውን ያንኑ የሰንበት ሱሪ ለብሷል። ከፊቴ ቆሞ ሳህኑን ዝቅ አደረገልኝ። አንድ ጽዋ አንስቼ በግራ እጄ ያዝኩ። ከዚያ ሁለተኛ አነሳሁ።

«አንድ ነው የሚወሰደው» አለኝ በሹክሹክታ።

«አንዱ የእናቴ ነው።»

«እህት አስቴር፣ እባክሽ። ሥርዓት ነው።»

«ተነስቼ ስለ ሥርዓቱ ጉባኤውን ልጠይቅ?»

ሳህኑን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። ከኋላ ያሉት አንገታቸውን ማስገግ ጀምረው ነበር። ዓይኔን አልነቀልኩለትም። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ሰብሮ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።

መጋቢው ቀደም ብሎ አንብቦልን ነበር፤ በልቡ ቂም የያዘ ሰው አስቀድሞ ይቅር ይበል፣ ሳይታረቅ ከዚህ ጽዋ አይጠጣ፣ ለፍርድ ይሆንበታል ብሎ። ሰምቼዋለሁ። እያንዳንዱን ቃል ሰምቼዋለሁ። የእናቴን ቀድሜ ጠጣሁ፣ ቀጥሎም የእኔን።